በደም ካሳ የገዛሁት አክሲዮን

አባቴን የገደለው ጎረቤታችን ነው። ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር የእኛና የእሱ እርሻ በአንዲት የሣር ድንበር ይዋሰን ነበር። ሰውዬው ድንበሯን ወደ እኛ ገፋት፤ አባቴ መልሶ ገፋት፤ ሰውዬው ደግሞ እንደገና። አንድ ጧት በሬዎቹ እንደተጠመዱ ቆመው ሁለቱ ተያያዙ። አባቴ ጅራፍ ነበር የያዘው፤ ሰውዬው መጥረቢያ። እኔ ስደርስ እናቴ ነጠላዋን አንገቱ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ደሙን ልታቆም ትታገላለች። ነጠላው ጠጥቶ ጠጥቶ እምቢ ሲል በባዶ እጇ ያዘችው። ታናሽ ወንድሜ ያኔ ገና ለጋ ነበር። አላለቀሰም፤ አንድ ቃልም አልተነፈሰም። በሬዎቹን ከቀንበሩ ፈትቶ ወደ ቤት ነዳቸው።

ያ ዝምታው ነው ኋላ እንቅልፍ የነሳኝ። የሚያለቅስ ልጅ ይወጣለታል፤ የሱ አልወጣለትም።

ገዳዩ ታሰረ፤ ዓመታት አልፈው ተፈታ። እንደ አገራችን ደንብ ሽማግሌዎችና ቄሶች መሐል ገቡ። ሰውዬው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን መጣና በግንባሩ ተደፋ። «ማሩኝ» አለ። እናቴ «ለእግዚአብሔር ብዬ» አለች። ወንድሜም በተራው ላይበቀል መስቀሉን ይዞ እንዲምል ተደረገ። ማለ። እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩና አየሁት፤ እጁ መስቀሉ ላይ ነው፣ ዓይኑ ሰውዬው አንገት ላይ። ቄሱ አላዩም፤ ወይም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

የደም ካሳው ተከፈለን። እናቴ ብሩን በጨርቅ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ ከተተችና «ከዚህ ብር ጨው እንኳ ቤቴ እንዳይገባ» አለች። ለእሷ ያ ብር የባሏ ሥጋ ነው፤ እንዴት ይበላል? ወንድሜ ግን የሚበላ ነገር አላሰበም። ከስሜን ጋራ፣ ከጨነቅ በኩል፣ ለፈረንጆች በቅሎ እየነዳ የሚኖር ጎረምሳ ሆኗል፤ በሳምንት አንዴ ሲመጣ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ክላሽ ይገዛበት» አለ።

«ማልህ እኮ» አልኩት።

«መሣሪያ አልገዛም ብዬ አልማልኩም።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር፤ ቁጡ ነኝ። ባሌ አንድ ቀን በጥፊ ቢመታኝ በዘነዘና መልሼለት የተፋታሁ ሴት ነኝ፤ ደባርቅ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ ስኳር በብርጭቆ እየሰፈርኩ እሸጣለሁ። ወንድሜ ግን የቀረኝ ብቸኛ ወንድሜ ነው። ሰው ከገደለ እሱም ይገደላል፣ ካልተገደለም እስር ቤት ይበሰብሳል። ያንን ብር ከሱ እጅ ማስጣል አለብኝ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። የት ላስቀምጠው የሚለውን ግን አላውቅም ነበር። ሰርቄ ብደብቀው ገሎ ይቀበለኛል። ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠው ቄሱ እንኳ አይቀበሉኝም።

በዚያው ሰሞን ነው ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰፊ ሱቅ የተከፈተው። ከበሩ በላይ በቀይ ቀለም «ቁርጥ ዋጋ» ተብሎ ተጽፎበታል። ባለቤቱ አንድ ሰው አይደለም፤ አክሲዮን ማኅበር ነው። ሰው ገንዘቡን አዋጥቶ፣ በርካሽ በብዛት ገዝቶ፣ በጥቂት ትርፍ በብዛት ይሸጣል። ዋጋው ከእኛ ከሁላችንም በታች ነበር። አንዱን ሳሙና ስንት እንደሚሸጡት ስሰማ ደሜ ፈላ። የመናኸሪያው ነጋዴዎች በጠራራ ፀሐይ ተሰብስበን ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ አዘነብንበት። እኔም አንዷን ወርውሬያለሁ፤ መስታወት ነው ያገኘሁት። ፖሊስ ዱላ ይዞ መጣና በተነን፤ አንዱ ነጋዴ ክንዱ ተሰበረ።

ከአክሲዮን ጋር የተዋወቅሁት እንግዲህ በድንጋይ ነው።

ግን ፊት ለፊት ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ከማየት በቀር ምን ሥራ አለኝ? ገበያዬ ቀዝቅዟል። አየኋቸው። መጀመሪያ የሳቅሁባቸው እዚህ አገር ማንም በማይሠራው ስሕተታቸው ነው፤ ዋጋ አይቀንሱም። በእኛ ዘንድ ሻጭ አስወድዶ ይጠራል፣ ገዢ ያራክሳል፣ ሻጭ «ለአንተ ብዬ ነው» እያለ ይቀንሳል። ያቺ ቅነሳ ገንዘብ ብቻ አይደለችም፤ ክብር ናት። ለባላገሩ ሽማግሌ ዋጋ ሳትቀንስ መሸጥ ማለት ሲገባ ከመቀመጫህ እንዳለመነሳት ነው።

አንድ የገበያ ቀን ከጃናሞራ የመጡ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገብተው ገመድና ጨው አነሱ።

«ስንት ትላለህ?» አሉ ሻጩን።

ሻጩ ዋጋውን ነገራቸው።

«ቀንስ እንጂ።»

«አባቴ፣ ቁርጥ ነው።»

«ለእኔም?»

«ለሁሉም አንድ ነው አባቴ።»

ሽማግሌው መንገድ ላይ የሚንጫጫውን የሊስትሮ መንጋ በዱላቸው እያመለከቱ «ከእነዚህ እኩል አደረግኸኝ?» አሉት። ሻጩም፣ ምስኪን፣ ውሸት አያውቅ፣ «አዎ አባቴ» አላቸው። ዱላው አናቱ ላይ ሲያርፍ ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ እኔ ሱቅ ድረስ ተሰማ። ደሙ በተከፈተው የስኳር ጆንያ ላይ ተረጨ። ልጆቻቸውም ገቡበት፤ መደርደሪያ ተገለበጠ፤ ሻጩን እግሩን ይዘው እየጎተቱ ደጅ አወጡትና በጫማ ረገጡት። አጨበጨብኩ ብል አላፍርም፤ የጠላቴ ሱቅ ነው። «ነገ ይዘጋሉ» አልኩ።

በማግሥቱ ሻጩ ራሱን በሻሽ ጠምጥሞ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ፣ በሩን ከፈተ። አንዱ መንገደኛ ገብቶ «ቀንስ» ሲለው ሰማሁ። «ቁርጥ ነው» አለ። እዚያ ላይ ነው ሳቄ የቆመው። ሰውዬው ተገድሎም አይቀንስም። ይኼ ሱቅ አይወድቅም ማለት ጀመርኩ።

ሁለተኛ ያየሁት የጃናሞራ ሴቶችን ነው። ሴቶቹ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥተው ይመጣሉ፣ ሳይመሽ መመለስ አለባቸው፣ ጅብና ሽፍታ መንገድ ላይ አለ። ለመከራከር ጊዜ የላቸውም። እኛ ነጋዴዎች ይህን እናውቃለን፤ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ዋጋ እንቆልልባቸዋለን፣ እነሱም ጥርሳቸውን ነክሰው ይከፍላሉ። አንዷ ደፍራ ብትከራከር ገፍትሮ የሚያስወጣት ሞልቷል። አሁን እነዚያ ሴቶች በቀጥታ መንገድ ተሻግረው ወደ ቁርጥ ዋጋ ይገባሉ። ማንም አይገፈትራቸውም፤ ዋጋው ተጽፏል፣ የማታነብም ብትሆን ከፊቷ ያለችው የከፈለችውን ታያለች። ወንዶቹ ክብራቸው ተነክቶ ይማታሉ፤ ሴቶቹ ዝም ብለው ይገዛሉ። የቤቱን ጨውና ሳሙና የሚገዛው ደግሞ ማን ሆነና? ሴቷ ናት። «እነዚህ ሰዎች ይኖራሉ» አልኩ በልቤ፤ ዛሬ ብቻ ሳይሆን ልጆቼ ቢኖሩኝ እስከ ልጆቼ ድረስ።

ሦስተኛው የሊማሊሞ ነገር ነው። የማኅበሩ መኪና ወደ አዲአርቃይ ዕቃ ጭኖ ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለው፤ ገደል ገባ። እኔም ከሰው ጋር ወርጄ አየሁ። ሾፌሩ መሪው ደረቱን ሰብሮት ነበር፤ ረዳቱ ከመኪናው ተወርውሮ ድንጋይ ላይ ነው ያረፈው፤ ፊት የሚባል አልቀረለትም። ከበላያቸው የላስቲክ ጫማ በየቋጥኙ ተበትኗል። አንዱን እረኛ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ጫማ ሲለካ አገኙት፤ ፖሊስ በሰደፍ አፉን አለው፤ እሱም ጥርሱን እየተፋ ጫማውን አልለቅም አለ። ሁሉም ሰው «አለቀላቸው» አለ። እኔም ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ጠበቅሁ። ማኅበሩ ኪሳራውን አልደበቀም፤ በሱቁ ግድግዳ ላይ ጽፎ ለጠፈው። የሟቾቹን ቤተሰቦች አስጠርቶ ካሰ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሌላ መኪና በዚያው መንገድ አወረደ።

ኪሳራውን ሸሽጎ ቢሆን አንድ ሳንቲም አልሰጠውም ነበር። የሚሸሽግ ነጋዴ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ነኝ።

እንግዲህ ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። የደም ካሳውን አክሲዮን ልግዛበት፤ ያውም በወንድሜ ስም። ዝም ብዬ አልወሰንኩም። አንዱ ልቤ «የራስሽን ገዳይ ልትቀልቢ ነው፤ ይኼ ሱቅ ያንቺን ሱቅ ይውጠዋል» ይለኛል። እውነት ነው፤ ዋጠውም። ሌላው ልቤ «ትርፉ ቀጭን ነው፣ አንድ ክፉ ዓመት ቢመጣስ?» ይላል። ክፉ ዓመት ሲመጣ ሰው ምን ያደርጋል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ወደ ርካሹ ይሄዳል። በክፉ ዓመት የሚበረታ ሱቅ ይኼ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አክሲዮን ዛሬ ገዝተህ ነገ የምትበላው ነገር አይደለም። ትጠብቀዋለህ። የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ደግሞ እስር ቤት መግባት አይፈልግም። እኔ የፈለግሁት ወንድሜ ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው ነገር እንዲኖረው ነው።

ወንድሜ ክላሹን ሊገዛ ከሻጭ ጋር ለቅዳሜ ገበያ ተቀጣጥሯል። ዓርብ ወደ እናቴ ሄድኩና ያሰብኩትን ነገርኳት። ሳጥኑን ራሷ ከፈተችልኝ፤ ብሩን ግን አልነካችውም።

«ውሰጂው። ከዓይኔ ይራቅልኝ እንጂ የትም ይግባ» አለችኝ።

ያንኑ ቀን ገዛሁ። ለራሴም ከሱቄ ቆጥቤ አንዲት አክሲዮን ጨመርኩ።

ቅዳሜ ወንድሜ ሱቄ መጣ። ከእናቴ ሰምቷል። «የታለ?» አለኝ። የአክሲዮኑን ወረቀት ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት። አላየውም። ጡጫው አፌ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ጆሮዬ ላይ። ወድቄ ስነሳ መደርደሪያዬን እየገነጠለ ነው። የዘይት ጀሪካን ረግጦ አፈነዳ፣ የላምባ መስታወት በግንባሩ ሰባበረ፣ ስኳሩን መሬት ደፋው። ጥርሴን ምላሴ ላይ አገኘሁት። እኔም ዝም ብዬ የምመታ ሰው አይደለሁም፤ የኪሎ ሚዛን ብረቱን አንስቼ ፊቱ ላይ አሳረፍኩበት። ቅንድቡ ተተረተረ። ያ ጠባሳ ዛሬም አለ። ደም እየወረደብን፣ በተሰበረ መስታወት መሐል፣ ዘይት ላይ እየተንሸራተትን ተያይዘን ወደቅን። አንገቴን ያዘ። ከደቂቃ በኋላ ይመስለኛል፣ ለቀቀኝ።

«ለምን?» አለኝ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ለምን እታለም?»

«ሁለተኛ ሬሳ አልታቀፍም» አልኩት። «እናትህ አንዱን በእጇ ይዛዋለች። አንተን ደግሞ ማን ይያዝህ?»

ወረቀቱን ሊቀደው አነሳው። ዓይኑ ስሙ ላይ አረፈ። የሱ ስም፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስም፣ ማኅተም። ይህ ልጅ በሕይወቱ ስሙ የተጻፈበት ንብረት ኖሮት አያውቅም፤ በቅሎዎቹ እንኳ የሰው ናቸው። ለረጅም ጊዜ አየው፤ ቅንድቡ ላይ ያለው ደም አንድ ጥግ ላይ ተንጠባጠበበት። ከዚያ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ሄደ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ደግ ነበሩ፤ ደግ ስል እንደ እኛ ቤት ነው። ወንድሜ ከጨነቅ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቁርጥ ዋጋ ሆነ። ሳይገዛ ይዞራል፣ የተንጋደደ ሳሙና ያቃናል፣ ከዚያ ከተፈነከተው ሻጭ ጋር ወግ ይይዛል። አንድ ቀን አንድ ሰካራም «አትቀንስም?» ብሎ ሻጩ ላይ ጩቤ መዘዘ። ወንድሜ የሰውዬውን እጅ ጠምዝዞ ክርኑን ሰበረው፤ እኔ ልባሽ ጨርቅ ከምሸጥበት ጥግ ሆኜ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። እየጎተተ አውጥቶ መንገድ ላይ ጣለውና «የእኔ ሱቅ ውስጥ ነው ጩቤ?» አለው። የእኔ ሱቅ! እኔ ሱቄን ዘግቼ ልባሽ ጨርቅ ላይ የወደቅሁት በዚያ ሱቅ ምክንያት ነው፤ ያም ሆኖ ያን ቀን ደስ አለኝ። የትርፍ ክፍፍል ሲደርሰው ለእናቴ ጋቢ ገዛላት። መጀመሪያ አልነካም አለች። ብርዱ ሲጠና ለበሰችው። ስለ ክላሽ ማንም አላነሳም።

ተሳካልኝ አልኩ። ማን አይል?

ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ፣ ከአዲአርቃይም ባለአክሲዮን መጣ፤ ስብሰባው በከተማው አዳራሽ ነው። ባላገሩ መሣሪያውን ይዞ ስለሚመጣ ደንቡ ጠመንጃ ውጭ ይቀመጥ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በሩ አጠገብ ቆሞ ይቀበላል፣ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይደረድራል። ወንድሜ ባዶ እጁን ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ እሱ ከፊት ካሉት ወንዶች መሐል።

አጀንዳው አንድ ነበር፦ የዘንድሮው ትርፍ ይከፋፈል ወይስ ይቆይና ዳባት ላይ ሁለተኛ ሱቅ ይከፈትበት? አዳራሹ ተተራመሰ። ግማሹ «ገንዘባችንን ስጡን፣ ሱቁ ዛሬ ቢቃጠል ማን ይከፍለናል?» ይላል። አንዱ ወንበር አነሳ፤ ከቦርዱ አባላት አንዱን ኮሌታውን ይዘው አነቁት፤ ደረቱ ላይ ያለው ቁልፍ ሲበጠስ አየሁ። ወንድሜ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እኔ ይቆይ ባይ ነበርኩ። የዳባት ሴቶች ለጨው ደባርቅ ድረስ ይመላለሳሉ፤ ሱቁን እነሱ ዘንድ መውሰድ ነው እንጂ ሌላ ምን ትርፍ አለ?

ከኋላ አንድ ሰው እጁን አነሳ። «ይናገር» ተባለ። ቆመ። ጋቢውን ከራሱ ላይ ሲያወርድ አየሁት። እሱ ነው። የአባቴ ገዳይ።

መቼ እንደገዛ አላውቅም። አክሲዮን ለሁሉ ይሸጣል፤ «ደመኛህ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው።

«እኔ ብዙ ዓመት ታስሬ የተማርኩት መጠበቅን ነው» አለ። «ዛሬ ከተከፋፈልነው ዛሬ ያልቃል። ይቆይ። ዳባት ላይ ይከፈት። እኛ ባንበላው ልጆቻችን ይበሉታል።»

ሰው አጨበጨበለት። ትክክል ነበር። እኔ ራሴ ብናገር የምለው ነው፤ ቃል በቃል። ሳላስበው ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያች ቅጽበት ወንድሜ ዞሮ አየኝ። የአባቴ ገዳይ ስለ ልጆቹ ሲያወራ እኔ ራሴን ስነቀንቅ አየኝ።

ምንም አላለም። ተነሣ፣ በሰዎቹ ጉልበት መሐል እየተሽለኮለከ ወጣ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ በሬዎቹን የፈታ ቀን ያየሁት ዝምታ ነው። ተነሥቼ ልከተለው ብል ሰው ጠቅጥቆኛል። «አሳልፉኝ!» እላለሁ፤ «ቁጭ በይ፣ ድምፅ እየተሰጠ ነው» ይሉኛል። ሊቀመንበሩ «ይቆይ የምትሉ እጃችሁን አንሱ» አለ። የሰዉ እጅ ወደ ላይ ወጣ። የገዳዩም።

ወንድሜ በሩ ላይ ታየ። ከተደረደሩት ጠመንጃዎች አንዱን አንስቷል፤ ዘበኛው እግሩን ይዞ ይጎተታል። የመጀመሪያው ጥይት ጣሪያውን መታ፤ ሁለተኛው ሰውዬውን ጉሮሮው ላይ አገኘው። እጁ ገና እንደተነሣ ነበር። አግዳሚው ላይ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ደሙ ከጎኑ በተቀመጡት ሰዎች ፊትና ጋቢ ላይ ተረጨ። አንዲት ሴት በመዳፏ አንገቱን ልትይዝለት ሞከረች። እኔ ያንን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንደማይቆም አውቃለሁ። ሰው በአግዳሚ ሥር፣ በመስኮት፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተረጋገጠ ሸሸ።

ወንድሜ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጠመንጃውን መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። የሰው ዕቃ ነውና። ከዚያ የሟች ዘመዶች በዱላና በወንበር እግር ገቡበት። እላዩ ላይ ተኛሁበት። ክንዴ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የጎድን አጥንቴ ሲሰነጠቅ ትንፋሼ ቆሞ ነበር። ከሥሬ ሆኖ «ተነሺ እታለም፣ ይገድሉሻል» ይለኛል። ፖሊሶች ወደ ሰማይ እየተኮሱ አላቀቁን። የጠመንጃው ባለቤት፣ የጃናሞራ ገበሬ፣ መሣሪያው ለማስረጃ ስለተያዘበት ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር ሲሰድበኝ ኖሯል፤ እውነቱን ነው።

ወንድሜ ረጅም እስር ተፈረደበት። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተመልሰው መጡ፤ አሁን ድንጋይ የምንሸከመው እኛ ሆንን። መሐላውን ስላፈረሰ ቄሱ «መስቀሉን ዋሸው» ብለው አለቀሱ። እሱ ታስሯልና ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ በሟች ደጃፍ የተደፋሁት እኔ ነኝ። ካሳ ተጠየቅን። ምን አለን? አክሲዮኑ ብቻ። አድጎ ነበር፤ ስንገዛው ከነበረው እጅግ አድጎ ነበር። በሟች ልጅ ስም አዞርነው፤ እስኪያድግ እናቱ ትይዘዋለች። ብሩ ከእነሱ ቤት ወጣ፣ በእኛ በኩል አልፎ፣ ከነወለዱ ተመለሰላቸው። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ አጣጥፋ ለአንዲት ነዳይ ሰጠች። ከዚያ በኋላ ብርድ ሲሆን አሮጌ ነጠላ ነው የምትደርበው።

«አክሲዮን ገዝተሽ ሰው አስገደልሽ» የሚሉኝ አሉ። ባትገዢው ኖሮ ሁለቱ አንድ አዳራሽ አይገናኙም ነበር ይሉኛል። አፋቸው ይዘጋ። ባልገዛው ኖሮ በዚያች ቅዳሜ ክላሽ ይዞ ይሄድ ነበር። እኔ እነዚያን ዓመታት ገዛሁለት፤ የጋቢውን ዓመት፣ «የእኔ ሱቅ» ያለባትን ቀን። ጠብ ፈላጊ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። እስር ቤት ስንቅ ሳደርስለት ደግሞ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ሱቁ ነው። «ዳባት ተከፈተ?» ይለኛል። ተከፍቷል እለዋለሁ። ሟች እጁን ያነሳለት ሐሳብ በሌላ ጉባኤ አለፈ።

እዚያው ዳባት ሱቅ ውስጥ ነው የሟችን ሚስት ያገኘኋት። ልጇ ጎርምሷል። ሳሙና ይዤ ተራ እየጠበቅሁ ሳለ ከኋላዬ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ ካስታረቁን ወዲህ ሰላም ብንባባልም ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። 

«አንቺ ነሽ አሉ መጀመሪያ የመረጥሽው» አለችኝ ቀስ ብላ። «አክሲዮኑን።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ልጄ ሽጪው እያለ ያስጨንቀኛል። ልሽጠው ወይስ ላቆየው?»

«ሸጦ ምን ሊገዛበት ነው?»

 መሬት መሬት አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች። ገባኝ። ወንድሜ አንድ ቀን ይፈታል፤ ልጁም ይህን ያውቃል። በዚያ አክሲዮን ምን እንደሚገዛ እናቱ ታውቃለች፣ አሁን እኔም አወቅሁ። የአባቴ ደም ካሳ እንደገና ክላሽ ሊሆን ነው።

ተራዬን ለቀቅሁና ጥግ ወስጄ አስቀመጥኳት። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ በሕይወቴ ለማንም ገዢ እንደዚያ እውነት ተናግሬ አላውቅም። ስለ ጃናሞራ ሴቶች፣ ስለ ሊማሊሞው መኪና፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ ሰው ለምን ወደዚህ እንደሚገባ፣ አሁን ጎንደር ላይ ስለሚከፈተው ሱቅ። ሌላ ርካሽ ሱቅ መጥቶ ሊፎካከራቸው እንደሚችልም አልደበቅኋት። ከዚያ ስለ ወረቀቱ ነገርኳት፤ ልጇን አስጠርታ ስሙ የተጻፈበትን በእጁ እንድታስይዘው፣ አምጥታም ሱቁን እንድታዞረው፣ የተንጋደደ ሳሙና ካየ እንዲያቃና እንድትተወው።

ሰማችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እስከ መቼ ላቆየው?» አለችኝ።

«ልጅሽ እስኪሸብት» አልኳት።